ጉልበተኛውን የጣለች ትንኝ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር ጽሑፍ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለመንግሥት ሥራ ቆላ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ አተኮሰው። ጉንፋን መስሎት ሦስት ቀን እየተንቀጠቀጠ ከሥራው ሳይቀር ባየሁት ጊዜ፣ የኢጣልያዊው የቢሲክሌት ተወዳዳሪ የፋውስቶ ኮፒ ታሪክ ትዝ አለኝና አጫወትሁት። ለእሱ የነገርሁትን ለአንባቢያንም ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ፋውስቶ ኮፒ በ1919 በሰሜን ኢጣልያ ካስቴላኒያ በምትባል ትንሽ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ኖቪ ሊጉሬ በሚባል ከተማ የአንድ ሥጋ ነጋዴ ተላላኪ ሆኖ በቢሲክሌት ዕቃ ያደርስ ነበር። ቢያጆ ካቫና የተባለ ዓይነ ስውር ወጌሻ ጡንቻውን በእጁ ዳስሶ ችሎታውን ዐወቀለትና አሠለጠነው። በ1940 የዝነኛው የጂኖ ባርታሊ ረዳት ሆኖ በኢጣልያ ዙር ውድድር ቢሰለፍ፣ ገና በ20 ዓመቱ እሱ ራሱ አንደኛ ወጣ። በ1942 ሚላኖ ላይ በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ የዓለምን ሪኮርድ ሰበረ። ከዚያም ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተላከ፤ በ1943 ቱኒዝያ ውስጥ በእንግሊዞች እጅ ተማረከ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን አቻ አልተገኘለትም። የኢጣልያን ዙር በጠቅላላው 5 ጊዜ፣ የፈረንሳይን ዙር 2 ጊዜ አሸነፈ። በ1949 ሁለቱንም በአንድ ዓመት በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት ከኩኔዮ እስከ ፒኔሮሎ ባለው የተራራ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ቀድሞ ሲገባ፣ ባርታሊ የደረሰው 12 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ሴርሴም ተወዳዳሪ ነበረ። በ1951 ቶሪኖ ላይ ከቢሲክሌቱ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ጉዳቱ ቀላል መስሎ ተነሥቶ ውድድሩን ጨረሰ፤ በዚያው ቀን ግን ሞተ።

በዲሴምበር 1959 ኮፒ ከፈረንሳዊው ወዳጁ ከራፋኤል ጀሚኒያኒና ከሌሎች ጋር ለውድድርና ለአደን ወደ ላይኛው ቮልታ፣ ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው አገር ሄደ። ከተመለሱ በኋላ ሁለቱም ታመሙ። የጀሚኒያኒ በሽታ ፈረንሳይ ውስጥ ወባ መሆኑ ታወቀና ኪኒን ተሰጥቶት ዳነ፤ እስከ 2024 ኖሮ በ99 ዓመቱ ዐረፈ። ኢጣልያ ውስጥ ግን የኮፒ ሕመም ወባ መሆኑ ሳይታወቅ ቀረ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 በቶርቶና ሆስፒታል በ40 ዓመቱ ሞተ። መድኃኒቱ ጠፍቶ አልነበረም፤ የጠፋው የበሽታው ስም ነበር።

ያን ሁሉ ተራራ የወጣ ጉልበት ትንኝ ከጣለችው እኛስ በምናችን እንመካለን? ወባ ከተነከሱ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ስለሚነሣ፣ ሰው ደጋ ገብቶ ቆላውን ከረሳ በኋላ ይታመማል። ስለዚህ ለሥራ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሁሉ ትኩሳት ቢሰማው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ የት እንደ ነበረ ሳይጠየቅ ይናገር። አንዲት ጠብታ ደም ብዙ ታስታውቃለች።

ባልደረባዬም ሄዶ ተመረመረ፤ ወባ ነበረ። መድኃኒቱን ጨርሶ ዛሬ ከሥራው ገበታ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ