ጆርጅ ማቹናስና የመጋዘን ፎቆች

ሎፍት የሚባለው መኖሪያ በዛሬው ጊዜ በብዙ ታላላቅ ከተሞች የባለጸጎች ቤት ሆኗል። ግድግዳ ያልከፈለው ሰፊ ወለል፣ ያልተሸፈነ የብረት ዓምድ፣ ከጣሪያ ሥር በግልጽ የሚታይ ቧንቧ የምቾት ምልክት ተደርገው ይቈጠራሉ። ይህን አኗኗር በኒው ዮርክ በማኅበር ያደራጀው ሰው ግን ራሱ ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ የኖረ፣ በአስም የሚሠቃይ ድሃ ነበር።

ጆርጅ ማቹናስ እ.ኤ.አ. በ1931 በሊትዌኒያ፣ በካውናስ ከተማ ተወለደ። አባቱ አርክቴክትና መሐንዲስ፣ እናቱ ዳንሰኛ ነበሩ። ቤተ ሰቡ በ1944 በጦርነቱ ምክንያት ወደ ጀርመን ተሰደደ፤ በ1948 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ማቹናስ በኩፐር ዩኒየንና በካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ሥነ ሕንፃን አጥንቶ በንድፍ ቢሮዎች ተቀጥሮ ሠራ። የሥነ ጥበብ ዓለም በይበልጥ የሚያውቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍሉክሰስ የተባለውን እንቅስቃሴ በማቋቋሙ ነው፤ ለሙያው ባልደረቦች ግን የቤት ሥራው የበለጠ ቁም ነገር አለው።

ከሃውስተን ጎዳና በስተደቡብ የሚገኘውና በኋላ ሶሆ የተባለው ሰፈር በ19ኛው መቶ ዓመት በተሠሩ ባለ ብረት ፊት መጋዘኖች የተሞላ ነበር። አውራ ጎዳና በመካከሉ ያልፋል የሚለው ዕቅድ እስከ 1969 ድረስ እንደ ሰይፍ ተንጠልጥሎበት ስለ ቆየ ባለቤቶቹ ሊያድሱት አልፈለጉም፤ ፋብሪካዎቹም ለቀቁ። ሠዓልያን በርካሽ ተከራይተው ቢገቡም የከተማው ደንብ በዚያ ማደርን ስለሚከለክል አልጋቸውን ከተቈጣጣሪ ይደብቁ ነበር።

ማቹናስ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ሠዓልያኑን በኅብረት ሥራ ማኅበር አሰባስቦ ሕንፃውን በሙሉ መግዛት ነበር። በ1967 በዉስተር መንገድ ቁጥር 80 ያለውን ሕንፃ በዚህ መንገድ አስገዛ፤ ከዚያም ከአሥር የማያንሱ ሌሎች ተከተሉ።

የውስጥ ንድፉ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በማንሃተን የተለመደው ቦታ ስፋቱ ሰባት ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ ሠላሳ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን የሚገባው ከፊትና ከኋላ ብቻ ስለሆነ መካከሉ ጨለማ ነው። እንደ ተራ አፓርታማ ቢከፋፈል ግማሹ ክፍል መስኮት አልባ ይሆናል። ስለዚህ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው በቧንቧው መውጫ ዙሪያ ወደ መካከል ይሰበሰባሉ፤ መስኮቶቹ ለሥራና ለኑሮ ይተዋሉ። ማቹናስ ወለሉን ባዶውን አስረክቦ የቀረውን ለነዋሪው ተወ። ራሱ የተጠመደው በጣሪያው፣ በአሳንሰሩና በቧንቧው ነበር። አርክቴክት የመጨረሻውን መስመር ለመሳል ያለውን ጉጉት መግታት ቀላል አይደለም፤ እርሱ ግን ገታው።

የሒሳብ አያያዙ ግን የሚመሰገን አልነበረም። የአንዱን ሕንፃ ገንዘብ ለሌላው ያውል ነበር፤ አክሲዮኖቹንም በሕግ የተጠየቀውን መግለጫ ሳያስመዘግብ ሸጠ። የግዛቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ ሊከሰው ሲያሳድደው የወረቀት መቍረጫ ስለቶችን በበሩ ላይ ተክሎ ተደበቀ፤ ወዳጆቹም ውጭ አገር ያለ ለማስመሰል ከልዩ ልዩ አገሮች ፖስት ካርድ በስሙ ይልኩለት ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ፍጻሜው ግን አያስቅም። በ1975 አንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ በክፍያ ጠብ የላካቸው ሰዎች ደብድበው አንድ ዓይኑን አጠፉት።

ከተማው በ1971 በሙያቸው ለተመሰከረላቸው ሠዓልያን በሶሆ መኖርን ፈቅዶ ነበር። በ1973 ሰፈሩ በታሪክ ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዋጋውም ወጣ። ማቹናስ ከዚህ ትርፍ ሀብት አላካበተም። በማሳቹሴትስ ገጠር አዲስ የሠዓልያን መንደር ለማቋቋም አንድ አሮጌ የእርሻ ቤት ይዞ ሳለ በካንሰር ታመመ፤ በግንቦት 1978 በቦስተን ሆስፒታል በ46 ዓመቱ አረፈ። በሕገ ወጥ መንገድ በሎፍት ይኖሩ ለነበሩ የከተማው ተከራዮች ዋስትና የሰጠው የግዛቱ ሕግ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው።