ሐስኬል ከሪ፦ የፕሮግራም ውስብስብነትን ለማቅለል መንገድ የጠረጉ የሒሳብ ሊቅ

ሐስኬል ብሩክስ ከሪ እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሚሊስ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በቦስተን የንግግር ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ ነበር። በ1916 ሕክምና ለመማር ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም ወደ ሒሳብ ተሸጋገሩ።

በቀመር ውስጥ ተለዋዋጭን በሌላ ነገር መተካት ሲታይ ቀላል ነው። ከሪ ግን ሕጉ በዝርዝር ሲጻፍ እጅግ የተወሳሰበ መሆኑን አስተዋሉ። ተለዋዋጮችን አስወግደው ጥቂት መሠረታዊ ፈንክሽኖችን በማጣመር ብቻ አመክንዮን ለመግለጽ ሲጥሩ፣ ሞሰስ ሾንፊንከል የተባሉ ምሁር በ1924 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደቀደሟቸው ደረሱበት። ቀዳሚነቱን ለሾንፊንከል ሰጥተው ጥናቱን ቀጠሉ፤ በ1930ም ከጀርመኑ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ዛሬ በስማቸው “ከሪንግ” የሚባለው ስልት እንኳ ከእርሳቸው በፊት በሾንፊንከል ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል።

ከ1929 ጀምሮ እስከ 1966 መኖሪያቸው የፔንሲልቬኒያ ስቴት ኮሌጅ ነበር። በዚህ መካከል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ወታደራዊ ምርምር ወሰዳቸው፤ በ1946 ከዊላ ዋያት ጋር ኤኒያክ ለተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር የስሌት ፕሮግራም አዘጋጁ። ከዚህ ልምድ በመነሣት በ1949 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ በጻፉት ጥናት፣ ትልቅን ፕሮግራም በትናንሽ ክፍሎች የመገጣጠም ደንብ አቀረቡ። በወቅቱ በታሰቡት ኮምፒውተሮች ትእዛዝና መረጃ በአንድ ማኅደር ይቀመጡ ስለነበር አንዱ ሌላውን ሊለውጠው ይችላል፤ ከሪ ሁለቱን ለይተው መቀላቀላቸውን በደንብ ገደቡ። ጥናቱ በዘመኑ ብዙም አንባቢ አላገኘም።

የችግሩን ክብደት ከዛሬ አገልግሎት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አንድ ነዋሪ አድራሻ ያስለውጣል እንበል። መዝገቡን ማንኛውም የፕሮግራም ክፍል እንዳሻው የሚለውጠው ከሆነ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያጠፋዋል፤ ባለጉዳዩም ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ ሳይታወቅ ይመላለሳል። በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ግን ፈንክሽኑ የቀድሞውን መዝገብና አዲሱን አድራሻ ተቀብሎ፣ የቀድሞውን ሳይነካ አዲስ መዝገብ ይመልሳል። ለአንድ ዓይነት ግብዓት ውጤቱ ምንጊዜም አንድ ስለሆነ ክፍሉን ለብቻው መፈተሽ ይቻላል። መዝገቡን በእርግጥ የሚለውጠው ሥራ በታወቀ ጠባብ ቦታ ይወሰናል። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት የተለያየ አድራሻ ቢያስገቡ የትኛው እንደሚጸና የሚወስን ደንብ ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ከሪ ከ1966 እስከ 1970 በአምስተርዳም አስተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1982 በ81 ዓመታቸው አረፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች አንድ የጋራ ፈንክሽናል ቋንቋ ለመንደፍ ተስማሙ፤ ስሙንም ሐስኬል አሉት። ፈቃድ የተጠየቁት ባለቤታቸው ቨርጂኒያ ተስማሙ፤ ሟቹ ግን ሐስኬል የሚለውን ስማቸውን ፈጽሞ ወደውት እንደማያውቁ ለተመራማሪዎቹ ነገሯቸው።