የኢንተርኔት መዝገብ ጠባቂ፤ ጆናታን ፖስቴል

ኢንተርኔትን የፈለሰፈው ማን ነው ብትሉ አንድ ስም ብቻ መጥራት አይቻልም። ብዙ ጊዜ የሚነሡት ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ግን ከእነርሱ ጋር የሠራውን፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ እጅግ የተከበረውን ጆናታን ፖስቴልን ነው።

ፖስቴል እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያ፣ አልታዴና ተወለደ። በ1969 የኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት ሥራ ሲጀምር በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጢሙን ያሳደገ፣ ሰንደል ጫማ የሚወድ ሰው ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የመረቡን የቴክኒክ ሰነዶች አርትዖት በኃላፊነት ያዘ። ኮምፒውተሮች የሚግባቡባቸውን የ1981 መሠረታዊ ደንቦች ያዘጋጀው እርሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት የኢሜይልን አላላክ ደንብ ጻፈ፤ ዛሬ የምትልኩት ኢሜይል፣ ደንቡ ቢሻሻልም፣ የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። አንድ ፕሮግራም ሲልክ ጥንቁቅ፣ ሲቀበል ግን ታጋሽ መሆን አለበት ብሎም ያምን ነበር። ይህ ትዕግሥት ስሕተት እንዲከማች አድርጓል የሚሉ መሐንዲሶች አሉ። ነገር ግን ልዩ ልዩ መሣሪያዎች እንዲግባቡ የረዳ ሐሳብ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መዝገቡ ነው። በመረቡ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ መልእክቱ መድረሻው ይጠፋል። ስለዚህ ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ፖስቴል ይህን ሥራ ተቀበለ። በኋላም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር ቀጠለበት። የአገሮች መለያ ፊደላትም በዚሁ መዝገብ ገቡ። የቱ አገር ነው፣ የቱ አይደለም የሚለውን እርሱ መወሰን አልፈለገም፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ተከተለ። የአገር መለያ የሚረከብ ሁሉ ባለአደራ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነም በ1994 ጻፈ። የኢትዮጵያ መለያ፣ ነጥብ ኢቲ፣ የተመዘገበው ኦክቶበር 15 ቀን 1995 ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተጀመረው ግን በ1997 ነበር። ስለዚህ ብስራተ ገብርኤል ተቀምጣችሁ በነጥብ ኢቲ የሚያልቅ አድራሻ ስትከፍቱ፣ ያ ስም በፖስቴል መዝገብ የገባው እኛ መስመሩን ከማግኘታችን በፊት መሆኑን አስታውሱ።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው እጅ መሆኑ የሚያሰጋ ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ፖስቴል ዋናውን የስሞች ማውጫ ለሚይዙ ኮምፒውተሮች ኃላፊዎች ኢሜይል ላከ። ማውጫውን ኔትወርክ ሶሉሽንስ ከተባለው ኩባንያ ኮምፒውተር ሳይሆን ከእርሱ እንዲወስዱ ጠየቃቸው። ከ12ቱ 8ቱ እሺ አሉት! ተጠቃሚው ምንም አላወቀም፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ተቆጣ። ፖስቴልም ሙከራ ነው ብሎ ነገሩን ወደ ነበረበት መለሰ። እኔ እንደሚመስለኝ ሙከራ ብቻ አልነበረም፤ መረቡ የአንድ መንግሥት ወይም የአንድ ኩባንያ ንብረት አለመሆኑን ማሳየት ፈልጎ ነበር።

ያም ሆኖ መዝገቡን ለራሱ አላስቀረም። ሥራውን የሚረከብ ተቋም እንዲቋቋም ደከመ፤ አይካን የተባለው ይህ ተቋም ሴፕቴምበር 30 ቀን 1998 በሕግ ተመሠረተ። ፖስቴል ከ16 ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 16፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ55 ዓመቱ ዐረፈ። ወዳጁ ቪንተን ሰርፍ የጻፈለት የኀዘን ጽሑፍም ፖስቴል ሲያርማቸው ከኖረው ሰነዶች መካከል ገብቶ፣ ተራ ቁጥር 2468 ተሰጥቶት ወጣ።