ፍሎረንስ ናይቲንጌል

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ከባለጸጎች እንግሊዛውያን በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስምዋም በከተማይቱ ስም ወጣላት። በዚያ ዘመን በሽተኛ ማስታመም የተናቀ ሥራ ስለ ነበረ ወላጆችዋ ቢቃወሙም፣ በ1851 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሞያውን ተማረች።

በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1854 ዓ.ም.፣ 38 ሴቶች አስከትላ በቱርክ አገር ወደ ነበረው ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ደረሰች። ሐኪሞቹ ግን በደስታ አልተቀበሏትም። እርስዋም ሐኪም ሳያዝ ማንም ነርስ ቁስለኛ እንዳትነካ ከለከለች። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ቁስለኛው በበዛ ጊዜ ሐኪሞቹ ራሳቸው እርዳታዋን ፈለጉ።

ብትታዘዝም ዝም አላለችም። በቁስል ከሚሞተው ወታደር ይልቅ በበሽታ የሚሞተው እንደሚበልጥ በቁጥር አስረድታ፣ የጦር ሆስፒታሎች እንዲሻሻሉ ታገለች። በ1860 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ነርስ የበሽተኛውን ሁኔታ አስተውላ ለሐኪሙ በትክክል እንድትነግር አስተማረች፤ ሐኪም በሽተኛውን ለጥቂት ጊዜ ሲያየው፣ ነርስ ቀንና ሌሊት አጠገቡ ናትና።

በ1910 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ ዐረፈች። መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ቢሆንም፣ ትእዛዙ የሚቀናው ነርስ ያየችውን ስትናገርና ሐኪሙም ሲሰማት መሆኑን ከሕይወቷ እንማራለን።