ጄምስ ዊልሰን (የዘ ኢኮኖሚስት መሥራች)

ጄምስ ዊልሰን (ጁን 3 ቀን 1805 – ኦገስት 11 ቀን 1860 እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ ተወላጅ፣ ባርኔጣ ነጋዴ፣ የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ፣ የብሪታንያ ፓርላማ አባልና የመንግሥት ሹም ነበር። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው እስከ ዛሬ በለንደን የሚታተመውን ሳምንታዊውን ዘ ኢኮኖሚስት በ1843 በመመሥረቱ ነው። ጋዜጣውን የከፈተው አንድ ሕግ ለማስሻር ሲሆን፣ ሕጉም በሦስት ዓመት ውስጥ ተሻረ። ሆኖም ጋዜጣው በዚያው እምነት ተመርቶ በአየርላንድ ረሃብ ጊዜ የያዘው አቋም ከታሪክ ጸሐፊዎች ወቀሳ አላመለጠም። ሌላ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ንግድ

ዊልሰን የተወለደው በደቡብ ስኮትላንድ በምትገኘው በሐዊክ ከተማ ነው። አባቱ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ሲሆን ቤተሰቡ የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበር። ከአሥራ አምስት ልጆች አራተኛው የሆነው ጄምስ በኩዌከሮች ትምህርት ቤት ተማረ። መጀመሪያ አስተማሪ፣ ኋላም ጠበቃ ለመሆን ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የዘመኑ የኩዌከሮች ደንብ ጥብቅናን አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ በ16 ዓመቱ ሙያ እንዲማር ባርኔጣ ሠሪ ዘንድ ገባ። አባቱም ቆየት ብሎ ያንኑ ድርጅት ለእርሱና ለታላቅ ወንድሙ ገዛላቸው።

በ1824 ወንድማማቾቹ ወደ ለንደን ተሻገሩ። ንግዱ ተሳካ፤ ዊልሰንም ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሀብታም ሆነ። በ1832 ኤልሳቤጥ ፕሬስተንን ሲያገባ ከኩዌከሮች ማኅበር ወጣ። ከእርሷም ስድስት ሴቶች ልጆች ወለደ።

ከ1836 ጀምሮ ግን በባርኔጣ ብቻ አልተወሰነም። ጨርቅ ሰማያዊ ለማቅለም የሚያገለግለው ኢንዲጎ ዋጋው ይወጣል ብሎ በብዛት ገዛ። ዋጋው ወረደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን ሀብቱን አጣ፤ ከኪሳራ ፍርድ የተረፈውም ንብረቱን ሸጦና ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ነው። በኋላ ዘመኑ ስለ ዋጋ መውጣትና መውረድ ለአገር የሚያስተምረው ሰው፣ ትምህርቱን በመጀመሪያ የቀሰመው በራሱ ኪስ ነበር ማለት ይቻላል።

የእህል ሕጎች

በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ዋናው የኢኮኖሚ ክርክር ስለ እህል ሕጎች ነበር። በ1815 የወጣው ሕግ የአገር ውስጥ ስንዴ ዋጋ 80 ሽልንግ እስኪደርስ ድረስ የውጭ ስንዴ ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክል ነበር። ይህ ዋጋ የአንድ ኳርተር ነው፤ ኳርተር ደግሞ ከሁለት ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ መለኪያ ነው። በ1828 ክልከላው ዋጋው ሲወርድ ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ በሚል ቀረጥ ተተካ። ሕጉ የጠቀመው የመሬት ባለቤቶችን ሲሆን፣ ፓርላማውም በብዛት የእነርሱ ነበር። የማንችስተር ፋብሪካ ባለቤቶችና ነጋዴዎች በሪቻርድ ኮብደንና በጆን ብራይት መሪነት ሕጉን ለማስሻር ማኅበር አቋቋሙ። ክርክራቸው ዳቦ በውድ ዋጋ የሚገዛውን ሠራተኛና ዕቃውን ወደ ውጭ መላክ የሚፈልገውን ፋብሪካ በአንድ ወገን፣ ባላባቱን በሌላ ወገን ያቆመ ነበር።

ዊልሰን በ1839 ባሳተመው የመጀመሪያ ጽሑፉ ሌላ መንገድ መረጠ። ሕጉ የሚጎዳው ድሀውን ብቻ ሳይሆን የመሬት ባለቤቱንና ገበሬውንም ነው አለ። ያቀረበው ምክንያት ቀላል ነው። ዋጋ ሲወደድ ገበሬው ብዙ ይዘራል፤ ብዙ ሲዘራ ዋጋው ይወድቅና ገበሬው ይከስራል። የከሰረው ማረሱን ሲቀንስ እጥረት ይመጣል፤ ዋጋውም እንደገና ይሰቀላል። ንግዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ የውጭው እህል ይህን ውጣ ውረድ ያለዝበው ነበር። ይህን ሁሉ ያቀረበው በስድብ ሳይሆን የብዙ ዓመታት የስንዴ ዋጋ ሰንጠረዥ ዘርግቶ ነው። ኮብደንም ጽሑፉን ወደደው። መደብን ከመደብ ሳያጋጩ ሕጉን መቃወም እንደሚቻል አሳይቶ ነበርና።

የጋዜጣው መመሥረት

ዊልሰን በዕለታዊ ጋዜጦች ላይ መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የራሱን ፈለገ። በኦገስት 1843 የጋዜጣውን ዓላማ የሚገልጽ ረጅም ማስታወቂያ አወጣ፤ የመጀመሪያው መደበኛ ቁጥርም ቅዳሜ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1843 ታተመ። ባርኔጣ ንግዱን በዓመቱ ተወው።

በማስታወቂያው ላይ የተዘረዘሩት ክፍሎች ጋዜጣው ምን ለመሆን እንዳሰበ ያሳያሉ። ርዕሰ አንቀጽ፣ የፓርላማ ውሎ፣ የእርሻና የቅኝ ግዛት ወሬ፣ የመጻሕፍት ትችት፣ የአንባቢ ደብዳቤና የሳምንቱ የገበያ ዋጋ ሁሉ በአንድ ላይ ተደምረዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የባንክና የባቡር ሐዲድ ዘገባ ተጨምሮ የጋዜጣው ስም ራሱ እጅግ ረዘመ። የዛሬ አንባቢ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በዚያን ዘመን ሰንጠረዥ ማተም ማለት እያንዳንዱን አኃዝ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል በእጅ እየለቀሙ መደርደር ነበር። ዊልሰን በየሳምንቱ ይህን ድካም የመረጠው በቁጥር ያልተደገፈ ክርክር ስለማያረካው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጋዜጣውን አብዛኛውን ክፍል የጻፈውም ራሱ ነበር።

የኅትመቱ ብዛት ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ገዢዎቹ የባንክ ሰዎች፣ ነጋዴዎችና የፓርላማ አባላት ነበሩ። ጋዜጣው ኃይሉን ያገኘው ከአንባቢው ብዛት ሳይሆን ከአንባቢው ማንነት ነው። ቅዳሜ የወጣ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት በክርክር ላይ በሌላ ሰው አፍ ሊነገር ይችል ነበር።

ጽሑፎቹ የጸሐፊ ስም አልነበራቸውም፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከስም አልባዎቹ ጸሐፊዎች መካከል ከ1848 እስከ 1853 በምክትል አዘጋጅነት የሠራው ፈላስፋው ኸርበርት ስፔንሰርና ቀደም ሲል ለሠራተኞች መብት በመሟገት የታወቀው ቶማስ ሆጅስኪን ይገኙበታል።

የባቡር ሐዲድ ትኩሳትና የ1847 ቀውስ

በ1845 ብሪታንያ በባቡር ሐዲድ አክሲዮን ታብዳ ነበር። ዊልሰን ስለ ሐዲዱ ዝርዝር ዘገባ እያተመ፣ አገሪቱ ለዕለት ንግድ የምትንቀሳቀስበትን ገንዘብ መልሶ በማይገኝ ግንባታ ውስጥ እየቀበረች ነው ሲል አስጠነቀቀ። የባንክ ኖት ብዛትን ከወርቅ ክምችት ጋር አጥብቆ ያሰረውን የ1844ቱን የባንክ ሕግም ተቃወመ። በ1847 መከር ላይ የገንዘብ ቀውስ ሲፈነዳ መንግሥት ባንኩ ከሕጉ ወሰን እንዲያልፍ ለመፍቀድ ተገደደ። ዊልሰን ጽሑፎቹን በዚያው ዓመት በመጽሐፍ አሰባስቦ አወጣቸው። ካርል ማርክስ ዘ ኢኮኖሚስትን አዘውትሮ ከሚያነቡት አንዱ ነበር፤ የዊልሰንንም የገንዘብ ሐሳብ በካፒታል ሦስተኛ ቅጽ ውስጥ ተችቶታል።

የአየርላንድ ረሃብ

ጋዜጣው ሁለት ዓመት እንደሞላው፣ በ1845 መጨረሻ፣ የአየርላንድን ድንች በሽታ መታው። በ1841 ቆጠራ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበራት አየርላንድ ትልቁ የድሀ ክፍል የሚኖረው በድንች ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ከአሜሪካ በቆሎ በምስጢር አስገዛ፤ በ1846ም የገዛ ፓርቲውን ከፍሎ የእህል ሕጎችን አሻረ። ለዊልሰን ይህ ታላቅ ድል ነበር።

ድሉ ግን የተራበውን አላጠገበም። ሕጉ ከተሻረ በኋላም ድንቹ በ1846 ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አዲሱ የጆን ራስል መንግሥት የእህል ግዢውን ለነጋዴ ትቶ፣ ለተራበው የቀን ሥራ በመስጠት ላይ ተደገፈ፤ በ1847 ደግሞ ለአጭር ጊዜ የሾርባ ማደያዎችን ከፈተ። በለንደን ግምጃ ቤት እርዳታውን የሚቆጣጠረው ቻርልስ ትሬቬልያን ነበር። ዘ ኢኮኖሚስት በእነዚህ ዓመታት መንግሥት እህል ገዝቶ ማከፋፈሉን ተቃወመ። መንግሥት ከገባበት ነጋዴው ይሸሻል፣ የተረጂነት ልማድም ይተከላል የሚል ነበር ክርክሩ። በረሃቡና ተከትሎት በመጣው በሽታ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ 1 ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። እህልና ከብት ግን በዚያው ጊዜ ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር።

የዊልሰን ሰንጠረዦች የእህል ዋጋን ያሳያሉ። የተራበው ሰው በእጁ ስንት ሽልንግ እንዳለው ግን አያሳዩም። ርካሽ ዳቦ ደመወዝ ላለው የማንችስተር ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በቁራሽ መሬት ላይ ድንች ተክሎ ለሚኖርና ገንዘብ ለማያገኝ አየርላንዳዊ ግን ርካሹም ውድ ነው። ይህን ልዩነት አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ በሰፊው አብራርቶታል። ከጥናቱ ምዕራፎች አንዱ በእኛ አገር ስለደረሰው የ1965–66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ነው። በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደተጠበቀው አልናረም፤ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። መግዣ ያጣ ሕዝብ ዋጋ አያስወድድም፤ ስለዚህ በዋጋ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም። ሴን የወሎን ሁኔታ ሲያስረዳ የአየርላንድን ምሳሌ ማንሳቱም ለዚህ ነው።

ጋዜጣው በተመሳሳይ መንፈስ በ1847 የሴቶችንና የወጣቶችን የፋብሪካ ሥራ በቀን በአሥር ሰዓት የወሰነውን ሕግ ተቃውሟል።

ባለጋዜጣው ሹም

ዊልሰን በ1847 ከዌስትበሪ ተመርጦ ፓርላማ ገባ። ወዲያው የሕንድን ጉዳይ በሚመለከተው ቦርድ ጸሐፊ ሆነ፤ ከ1853 እስከ 1858 ደግሞ የግምጃ ቤት የፋይናንስ ጸሐፊ ነበር። ትሬቬልያን በዚያው መሥሪያ ቤት ባልደረባው ነበር። በ1853 የሕንድ፣ የአውስትራሊያና የቻይና ቻርተርድ ባንክን አቋቋመ፤ ይህ ባንክ በ1969 ከሌላ ባንክ ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ስታንዳርድ ቻርተርድ ሆኗል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ዘ ኢኮኖሚስት የራሱ ንብረት ነበር። የመንግሥትን በጀት የሚያዘጋጀው ሰው፣ በጀቱን የሚመዝነው ጋዜጣም ባለቤት ነው። ጽሑፎቹ ስም ስለሌላቸው፣ አንባቢው ሹሙ የጻፈውን ከሌላው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። በ1857 አዘጋጅነቱን ለሪቻርድ ኸተን አስረከበ፤ ባለቤትነቱን ግን አልተወም።

ሕንድና ሞት

ከ1857ቱ የሕንድ ዐመፅ በኋላ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። ዊልሰን የገንዘብ ጉዳይ ኃላፊ ሆኖ በ1859 መጨረሻ ካልካታ ደረሰ፤ በ1860ም እንደ እንግሊዝ አሠራር የተዘጋጀ የመጀመሪያውን በጀት አቀረበ። በዓመት ከ200 ሩፒ በላይ በሚያገኝ ሁሉ ላይ የገቢ ግብር ጣለ፤ መንግሥት የሚያወጣው የወረቀት ገንዘብም እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። የዛሬዋ ሕንድ የገቢ ግብር ታሪኳን የምትጀምረው ከዚህ ነው።

ተቃውሞው የመጣው ካልተጠበቀ ሰው ነበር። የማድራስ ገዢ ሆኖ የነበረው ያው ትሬቬልያን አዲስ ግብር ከመጣል ወጪ መቀነስ ይሻላል ብሎ ተቃወመ፤ መቃወሚያውንም በጋዜጣ እንዲወጣ አደረገ። ለንደን ከሥልጣኑ አንሥታ ጠራችው። ክርክርን በኅትመት ወደ ሕዝብ ማውጣት የሕይወቱ ሥራ የነበረው ዊልሰን በዚህ ጊዜ ዘዴው በራሱ ላይ ዞረበት።

ዊልሰን የግብር ሕጉን ከዳር ለማድረስ የካልካታን ሙቀትና ዝናብ ሸሽቶ አልሄደም። በተቅማጥ በሽታ ታሞ ኦገስት 11 ቀን 1860 በ55 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። የወረቀት ገንዘቡ ሕግ ከሞተ በኋላ በ1861 ወጣ። ትሬቬልያን ደግሞ በ1862 ወደ ሕንድ ተመልሶ ዊልሰን የነበረበትን የገንዘብ ኃላፊነት ያዘ።

የመጀመሪያ ልጁን ኤላይዛን በ1858 ያገባው ዋልተር ባጀት ከ1861 እስከ 1877 ዘ ኢኮኖሚስትን በአዘጋጅነት መራ፤ የአማቱንም አጭር የሕይወት ታሪክ ጻፈ። ስለ ዊልሰን ወጣትነት የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከዚህ የአማች ጽሑፍ የመጣ ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ጋዜጣው እስከ 1928 ድረስ በዊልሰን ልጆች ስም በተቋቋመ አደራ ሥር ቆይቶ ተሸጠ።