ጦርነት እንዲቀር የመከረው ኤድመንድ ቡርክ

ኤድመንድ ቡርክ በአየርላንድ አገር ደብሊን በምትባል ከተማ በ1729 ዓመት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አባቱ ነገረ ፈጅ ነበረ። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ባሊቶር ወደሚባል መንደር ለትምህርት ተላከ። የዚያ ትምህርት ቤት መምህር አብርሃም ሻክልተን ኩዌከር ከሚባሉት፥ የጦር መሣሪያ ከማያነሡት ክርስቲያኖች ወገን ነበረ፤ ቡርክም ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ መምህሩን በፍቅር ያስታውሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕግ ሊማር ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ነገር ግን ከሕግ ይልቅ መጽሐፍ መጻፍን ወደደ። በ1765 ለእንግሊዝ ፓርላማ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ።

በዚያ ዘመን በሰሜን አሜሪካ በባሕር ዳር የነበሩ 13 አገሮች ለእንግሊዝ ንጉሥ ይገዙ ነበር። ከነዋሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ከእንግሊዝ የፈለሱ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ፓርላማው ሳያማክራቸው ግብር ቢጥልባቸው ተቈጡ። በ1773 ቦስተን በምትባለው ወደብ 342 ሣጥን የሻይ ቅጠል ከመርከብ አውጥተው ባሕር ውስጥ ጣሉ። በዚህ ምክንያት መንግሥት ወደቡን ዘጋ፤ ንጉሡ ሣልሳዊ ጆርጅም አሜሪካውያንን በኃይል ሊያስገዛ ቈረጠ።

በማርች 22 ቀን 1775 ቡርክ በፓርላማ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ያህል ስለ እርቅ ተናገረ። ንግግሩ ዛቻ አልነበረበትም፤ እንደ ነጋዴ መዝገብ በቍጥር የተሞላ ነበር። በ1704 ከእንግሊዝ ወደ ፔንስልቬኒያ የተላከው ዕቃ ዋጋው 11 ሺህ ፓውንድ ያህል እንደ ነበረ፥ በ1772 ግን ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደ ደረሰ አሳየ። ይህ ሀብት በሰይፍ ሳይሆን በሰላም የመጣ ነውና ደንበኛን ወግቶ ገበያ ማቅናት እንደማይቻል አስረዳ። ደግሞም በኃይል የተያዘ ሕዝብ ዛሬ ቢሸነፍ ነገ እንደገና መሸነፍ እንዳለበት፥ በጦር የጠፋ አገርም ድል ላደረገው ሰው የማይጠቅም ባድማ እንደሚሆን ተናገረ። ደካማ ሰው እርቅ ቢጠይቅ ፈራ ይባላል፤ ኃይለኛ ቢታረቅ ግን ክብሩ አይጎድልምና እርቁን መጀመር የእንግሊዝ ፋንታ እንደ ሆነ መከረ።

ድምፅ በተሰጠ ጊዜ 78 ሰዎች ደገፉት፤ 270 ሰዎች ተቃወሙት። ወር ሳይሞላ በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥይት ተተኰሰ።

ጦርነቱ ስምንት ዓመት ቈየ። የእንግሊዝ ወታደር ስላልበቃ ንጉሡ ከጀርመን መሳፍንት 30 ሺህ ያህል ወታደር በገንዘብ ተከራየ። እህሉም ባሩዱም ሰፊውን ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነበረበት። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብና ስልክ ገና አልነበሩምና ደብዳቤ በነፋስ መርከብ ወር ወይም ሁለት ወር ይፈጅ ነበር፤ ከሎንዶን የተላከው ትእዛዝ እስኪደርስ የጦሩ ነገር ተለውጦ ይገኛል። በ1777 ሳራቶጋ በሚባል ስፍራ አንድ የእንግሊዝ ጦር በሙሉ እጁን ሰጠ። በማግሥቱ ዓመት ፈረንሳይ፥ ቀጥሎም እስፓንያ በእንግሊዝ ላይ ተነሡ።

ንጉሡ ግን ጦርነቱን መተው አልፈለገም። አሜሪካ ብትለይ አየርላንድና የምዕራብ ሕንድ ደሴቶችም ተከትለው እንደሚለዩ ይፈራ ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሺህ ሰው ስለዚህ ፍርሃት ሞተ።

ቡርክ ከ1774 ጀምሮ ብሪስቶል ለምትባል የነጋዴዎች ከተማ እንደራሴ ነበረ። በ1777 ለከተማይቱ ሹማምንት ደብዳቤ ጽፎ ጦርነቱን የሚቃወምበትን ምክንያት ገለጠ። የመረጡት ሰዎች ሁሉ ደስ አላላቸውም። የአየርላንድ ንግድ ነፃ እንዲሆን፥ የካቶሊክ ምእመናንም ከከባድ ሕግ እንዲያርፉ በመርዳቱ ደግሞ ይበልጥ አዘኑበት። በ1780 ምርጫ በደረሰ ጊዜ እንደማይመረጥ አይቶ ከውድድሩ ወጣ፤ ስለ ተናገረውም ነገር ይቅርታ አልጠየቀም። ማልተን የምትባል ትንሽ ከተማ እንደራሴ ሆኖ ወደ ፓርላማ ተመለሰ።

በኦክቶበር 1781 ሌላው የእንግሊዝ ጦር ዮርክታውን ላይ ተከቦ ተማረከ። ወሬው ሎንዶን የደረሰው ከአንድ ወር በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1782 ጄኔራል ኮንዌይ የሚባል ሽማግሌ ወታደር በአሜሪካ የሚደረገው ጦርነት እንዲቆም ፓርላማውን ጠየቀ። ቡርክና ወዳጆቹም ከእርሱ ጋር ቆሙ። ድምፁ ሲቈጠር 193 ሰዎች ጦርነቱ ይቁም፥ 194 ሰዎች አይቁም ያሉ ሆነው ተገኙ። በአንድ ሰው ድምፅ ጦርነቱ ተረፈ! ኮንዌይ ግን አምስት ቀን ቈይቶ ጥያቄውን እንደገና አቀረበ። በዚያ ሌሊት 234 ሰዎች ደገፉት፥ 215 ሰዎች ተቃወሙት። ከሰባት ዓመት በፊት 78 ሰዎች ብቻ የወደዱት ምክር አሁን አሸነፈ። በሚከተለው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ኖርዝ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1783 ፓሪስ ከተማ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ።

በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ዕዳ ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ነበር፤ 13ቱም አገሮች ከእጁ ወጡ። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ዕቃ እንደ ቀድሞው በአሜሪካ ወደቦች ይራገፍ ጀመር፤ ይህም ያለ አንድ ወታደር ሆነ።

ቡርክ ጦርነትን ሁሉ የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ በስተርጅናው ከፈረንሳይ አብዮት መንግሥት ጋር የሚደረገው ጦርነት እንዲቀጥል አጥብቆ መክሯል። በዚህ ነገር የቀድሞ ወዳጆቹ ተለዩት። በ1794 ልጁ ሪቻርድ ሞተበት፤ ከዚያም ሐዘን አልተጽናናም። በጁላይ 9 ቀን 1797 ቢከንስፊልድ በሚባል ስፍራ በቤቱ ዐረፈ።

እንደራሴዋ መሆኑን በተወበት በብሪስቶል ከተማ መካከል በ1894 የቡርክ ሐውልት ቆመለት።