አባ ሙሴ ጸሊምና ባልንጀራን መንቀፍ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው አባ ሙሴ ጸሊም፥ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ በገዳመ አስቄጥስ የኖረ አባት ነው። አስቀድሞ የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ፤ ስለ ስርቆቱ ጌታው ቢያባርረው የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በኋላ ግን የእግዚአብሔር ቸርነት ጐበኘችው፤ በአባ ኤስድሮስ ተመክሮ መነኮሰ፥ ከብዙ ተጋድሎም በኋላ ለቅስና ማዕርግ በቃ።

ከዚህ አባት ገድል ለካህናትም ለምእመናንም ይልቁን የሚጠቅመን በባልንጀራው ላይ አፉን አለመክፈቱ ነው። ቅስና በተሾመ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ትዕግሥቱን ሊመረምር ወድዶ፥ ወደ መቅደስ ሲገባ ካህናቱ እንዲያባርሩት አዘዘ። እነርሱም ጥቁርነቱን እየነቀፉ አስወጡት። አባ ሙሴ ግን በነቀፉት ላይ አላጉረመረመም፤ ይህ የሚገባው መሆኑን ለራሱ እየነገረ ወጣ።

ሌላ ጊዜ በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደለና አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴን ቢጠሩት እንቢ አለ፤ ደግመው ቢልኩበት የተቀደደ ዘምቢል አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ሊቀበሉት የወጡት አባቶች የነገሩን ምሥጢር ቢጠይቁት፥ የገዛ ኃጢአቱ በስተኋላው ሲፈስ ሳያየው በሌላው ኃጢአት ሊፈርድ መምጣቱን አስረዳቸው። ይህንም በሰሙ ጊዜ ያን ወንድም አንዳች ክፉ ቃል ሳይናገሩት ይቅር አሉት።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ስንቀመጥ፥ ምእመኑ የካህኑን ስንፍና፥ ካህኑ የአለቃውን አድልዎ፥ አለቃው የምእመኑን ንፍገት ያወራል። ከጥሉላት የተከለከለው አፋችን የወንድማችንን ስም ሲበላ ይውላል።

ይህን ስንል ግፍ ተሸፍኖ ይኑር፥ ድኻ ሲበደል ዝም ይባል ማለታችን አይደለም። ጌታችን በወንጌል የበደለንን ወንድም አስቀድመን ለብቻው እንድንወቅሰው፥ ባይሰማን ምስክሮች ይዘን እንድንሄድ፥ ኋላም ለቤተ ክርስቲያን እንድንነግር ሥርዓት ሠርቶልናል። ወቀሳ ፊት ለፊት ሆኖ ወንድምን ሊያተርፍ ይሻል፤ ሐሜት ግን በስተኋላ ሆኖ ሐሜተኛውን ጻድቅ ያስመስለዋል እንጂ ለሚታማው አንዳች አይረባውም።

አባ ሙሴ ወንድሙን የማረው ኃጢአትን አቅልሎ አይደለም፤ የራሱን ስላልረሳ ነው። በእርጅናው ዘመን የበርበር ሰዎች በገዳሙ ላይ በተነሡ ጊዜ መሸሽ የወደዱትን አሰናበተ፤ እርሱ ግን ቀድሞ በሰይፍ የኖረ በሰይፍ መሞት እንደሚገባው አስቦ ቀረ፤ አብረውት ከቀሩት ወንድሞች ጋራም በሰማዕትነት ዐረፈ።

እኛም በባልንጀራችን ላይ አፋችን ሊከፈት ሲል፥ ዞር ብለን ከዘምቢላችን የሚፈሰውን አሸዋ እንመልከት። የአባታችን የአባ ሙሴ ጸሎቱ ትርዳን፤ አሜን።